«3 እጥፍ ይበልጣል» ስንት ነው? ስለ መካከለኛ ደረጃ የሒሳብ ፕሮብሌሞች አማርኛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለ7ኛ ክፍል የተዘጋጀ የሒሳብ መልመጃ ረቂቅ አማርኛውን እንድናርም ተልኮልን ነበር። ከመልመጃዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፤ «የአበበ በጎች ከከበደ በጎች 3 እጥፍ ይበልጣሉ። ከበደ 8 በጎች ቢኖሩት አበበ ስንት በጎች አሉት?» በረቂቁ መጨረሻ የተሰጠው መልስ 24 ነው። እኛም የፊደሉን ግድፈት ለቅመን፣ የሥርዓተ ነጥቡን ጉድለት አሟልተን፣ በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ አንዳች ምልክት ሳናደርግ መለስነው። መጽሐፉ ታትሞ ወደ ክፍል ከገባ በኋላ አንድ መምህር አቤቱታ ይዘው መጡ። ከተማሪዎቻቸው መካከል 32 ብለው የመለሱ ነበሩ፤ መምህሩም በመልስ መስጫው መሠረት የስሕተት ምልክት አድርገውባቸዋል። ልጆቹ ግን «3 እጥፉ 24 ነው፤ ይበልጣል ስለተባለ ደግሞ በ8ቱ ላይ ይጨመራል» ብለው ተከራከሩ። መምህሩ የሚመልሱላቸው ቢያጡ ጥያቄውን ወደ እኛ አመጡት። እኛም ለባልደረቦቻችን ብናቀርበው፣ ቋንቋን ሙያቸው ያደረጉት እነዚሁ ሰዎች ሁለት ወገን ሆኑ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የተነሣ ነው። ዓላማውም በመካከለኛ ደረጃ፣ ማለትም በ7ኛና በ8ኛ ክፍል፣ ከኑሮ ተወስደው በዐረፍተ ነገር የሚቀርቡ የሒሳብ ፕሮብሌሞች በአማርኛ ሲጻፉም ሆነ ወደ አማርኛ ሲተረጎሙ የቋንቋው ጠባይ የት ላይ እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚያሰናክል ማሳየት ነው። ጽሑፉ የሚመለከተው በተለይ ተርጓሚዎችንና የስያሜ ሥራ የሚሠሩትን እንጂ የሒሳብን ትምህርት ለማስተማር የቀረበ አይደለም።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በመማሪያ መጻሕፍት «የቃላት ፕሮብሌም» የሚለው አጠራር ተለምዷል። ባዕዱን ቃል ለማስቀረት ሲባል አንዳንድ ጊዜ «ችግር» ተብሎ ተተርጉሞ ይገኛል። ነገር ግን በአማርኛ ችግር የሚፈታ ብቻ አይደለም፤ የሚደርስ፣ የሚጸናና የሚያልፍም ነው። ልጁ «የሚከተለውን ችግር ፍታ» ተብሎ ቀጥሎ አበበ 24 በጎች እንዳሉት ሲያነብ፣ ችግሩ ምን ላይ እንደሆነ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «ጥያቄ» እጅግ ሰፊ ነው። «እንቆቅልሽ» ለግብሩ ይቀርብ ነበር፤ ሆኖም የጨዋታነት ጠባዩ ያይላል፤ መልሱም በአስተውሎት እንጂ በስሌት አይገኝም። ስለዚህ እኛ ፕሮብሌምን አንነካውም። በፊደላችን ተጽፎ፣ በልጆች አፍ ገብቶ፣ «ፕሮብሌሞች» ተብሎ በአማርኛ ደንብ የረባ ቃል ከባዕድነት ወጥቷል ብንል ስሕተት አይሆንም።

የስያሜ ሥራው በስሞች ረገድ ብዙ ርቀት ሄዷል። እኩልዮሽ፣ ክፍልፋይ፣ ላዕልና ታሕት፣ አስርዮሽ፣ ተካፋይና አካፋይ፣ ድርሻና ቀሪ፣ ተለዋዋጭ፣ መቶኛ፤ እነዚህን ዛሬ የአማርኛ ሒሳብ መምህር ያለ ማመንታት ይጠቀምባቸዋል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚሁ ድካም አንዱ ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ የልጁ መሰናክል ከስም ላይ ብቻ አይገኝም። አን ኒውማን የተባሉት አውስትራሊያዊት ተመራማሪ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አንድ ልጅ የጽሑፍ ፕሮብሌም ለመፍታት አምስት ደረጃዎችን እንደሚያልፍ አሳይተዋል፤ ያነባል፣ የተነበበውን ይረዳል፣ የተረዳውን ወደ ሒሳብ ይለውጣል፣ ያሰላል፣ ያገኘውን መልስ ይጽፋል። ከእነዚህ መካከል ስሌት አንዱ ብቻ ነው። ሦስተኛው ደረጃ፣ ማለትም የዐረፍተ ነገሩን ትርጉም ወደ ሒሳብ መለወጥ፣ ራሱን የቻለ ትርጉም ነው፤ ልጁ ተርጓሚ ይሆናል፤ ምንጩ ቋንቋ አማርኛ፣ መድረሻው ቋንቋ እኩልዮሽ። በዚህ ትርጉም ውስጥ ትልቁን ሸክም የሚሸከሙት ደግሞ ግርማ ያላቸው ስሞች ሳይሆኑ «ከ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ወደ» የተባሉት ትንንሽ መስተዋድዶች ናቸው። ስሞቹን ለመሰየም ጉባኤ ተደርጓል፤ ለመስተዋድዶቹ ግን ማንም አልተሰበሰበም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የክልሎች አሠራር አንድ ወጥ ሳይሆን ቆይቷል፤ በአንዳንዱ ሒሳብ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ ይሰጣል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ በሆነበት ክፍልም ቢሆን መምህሩ ፕሮብሌሙን በአማርኛ አፍታቶ ሲያስረዳ መስማት የተለመደ ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች የምንለው ሁለቱንም ክፍል ይመለከታል።

ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ መጻሕፍት ስለ ንባብ ጥንቃቄ የሚሰጡት ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝኛው ጋር ተጉዞ የመጣ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የመቀነስ ዐረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛው «ከአንድ ቁጥር በ5 የሚያንስ» የሚለውን አሳብ ሲገልጽ 5ን አስቀድሞ፣ ቀጥሎ ማነሱን፣ በመጨረሻ ቁጥሩን ያመጣል። ልጁም ቃላቱን በመጡበት ተራ ወደ ምልክት ሲለውጥ ያልታወቀውን ቁጥር «ቀ» ብንለው «5 − ቀ» ብሎ ይጽፋል፤ ትክክሉ ግን «ቀ − 5» ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህራን «ቅደም ተከተሉን ገልብጡ» እያሉ ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። አማርኛ ይህ ወጥመድ የለውም። «ከቀ 5 ሲቀነስ» ስንል ተቀናናሹ በተፈጥሮ ቦታው ከፊት ነው፤ «ከአንድ ቁጥር በ5 የሚያንስ» ስንልም እንዲሁ። የአማርኛው ልጅ ቃላቱን በተራቸው ቢጽፍ ትክክል ይጽፋል። ማስጠንቀቂያው ቃል በቃል ተተርጉሞ ሲቀርብለት ግን ልክ የነበረውን ይገለብጠዋል። እኛ ያየነው አንድ የትርጉም መጽሐፍ ለዚሁ ማስጠንቀቂያ ሙሉ ገጽ ሰጥቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ በጥናት የታወቀ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ክሌመንትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባሳተሙት ሥራ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቁጥር የፕሮፌሰሮች 6 እጥፍ መሆኑን በእኩልዮሽ እንዲጽፉ 150 የመጀመሪያ ዓመት የምሕንድስና ተማሪዎችን ጠይቀው ከመቶ 37ቱ ተሳሳቱ። የአብዛኞቹ ስሕተት አንድ ዓይነት ነበር። ተማሪዎችን «ተ»፣ ፕሮፌሰሮችን «ፐ» ብንል፣ «ተ = 6ፐ» በማለት ፈንታ «6ተ = ፐ» ብለው ጻፉ። አንዱ ምክንያት የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር 6ን ከተማሪዎች አጠገብ ማስቀመጡ ነው። አማርኛው «የተማሪዎች ቁጥር የፕሮፌሰሮች ቁጥር 6 እጥፍ ነው» ሲል 6 የሚያርፈው ከፕሮፌሰሮች ጎን ነው፤ የቃላቱ ተራ ልጁን ወደ ትክክለኛው እኩልዮሽ ይመራዋል። ነገር ግን አማርኛ ከዚህ ስሕተት ፈጽሞ ነፃ ያወጣል አንልም። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ሌላው ምክንያት ፊደሉን እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ስም ምኅጻር መውሰድ ነበር፤ «6ተ» ማለት «6 ተማሪዎች» ይመስላቸዋል። ይህ ከየትኛውም ቋንቋ ሰዋስው አይመጣም፤ የእኛም ልጆች «ተ»ን «ተማሪ» ብለው ሊያነቡት ይችላሉ። ለዚህ መድኀኒቱ «ተ የተማሪዎች ብዛት ይሁን» ብሎ መጻፍ ነው፤ «ብዛት» የሚለው ቃል ሲዘለል አንታገሥ።

አሁን ወደ ራሳችን ወጥመዶች እንመለስ። የመጀመሪያውና ዋናው «በ» ነው። በአንድ የ7ኛ ክፍል መልመጃ ገጽ ላይ ይህ አንድ ፊደል ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ እንመልከት። «7 በ3 ሲባዛ» ሲል ማብዛትን፣ «በ3 ይበልጣል» ሲል ልዩነትን፣ «4 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል» ሲል ርዝመትና ወርድን፣ «በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር» ሲል ምጣኔን፣ «20 በመቶ» ሲል መቶኛን ያመለክታል። እነዚህን ልጁ ከአጃቢ ቃላቸው ለይቶ ያውቃቸዋል። የሚያስቸግረው አጃቢው ቃል ራሱ ሁለት መንገድ ሲከፍት ነው።

ለምሳሌ ያህል፤ «ወይዘሮ አልማዝ 5 ኪሎ ብርቱካን በ60 ብር ገዙ።» የከፈሉት 60 ብር ነው ወይስ 300? የመጽሐፍ ለማዳ የሆነ ሰው 60 ነው ይላል፤ አንዱ ኪሎ 12 ብር ሆነ ማለት ነው። ወደ ገበያ ወጥተን ስንሰማ ግን «ብርቱካኑን በስንት ገዛሽው?» ተብላ የተጠየቀች ሴት «በ60» ብላ ስትመልስ የምትናገረው የኪሎውን ዋጋ ነው። ከእናቱ ጋር ገበያ የሚወጣ ልጅ 300 ቢል ከኑሮው አንብቦ ነው፤ ፕሮብሌሙም ከኑሮ ተወሰደ መባሉን አንርሳ። ቋንቋው ለዚህ መፍትሔ አላጣም። ነጋዴ ሲዋዋል «በኪሎ 60 ብር ሒሳብ» ይላል። «ሒሳብ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ የትምህርቱ ስም መሆኑ ቀርቶ የምጣኔ ምልክት ሆኗል፤ በእኛ እምነትም አማርኛ ለምጣኔ ካበጃቸው አገላለጾች ሁሉ ጥርት ያለው ይህ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ለምን እንደማይዘወተር አልገባንም፤ ምናልባት የገበያ ቃል ነው ተብሎ ተንቆ ይሆናል። ጠቅላላ ዋጋ ለማለት ደግሞ «5 ኪሎ ብርቱካን ገዝተው በጠቅላላው 60 ብር ከፈሉ» ቢባል ቃላት ቢጨምርም ጥርጥር አያስከትልም።

የ«ወደ» ነገር ከዚህ ይብሳል። «የስኳር ዋጋ ወደ 20 ብር ጨመረ» በሚለው ውስጥ «ወደ» መድረሻን ካመለከተ አዲሱ ዋጋ 20 ብር ነው። ነገር ግን «ወደ 20 ሰዎች መጡ» እንደምንለው ግምትን ካመለከተ ጭማሪው ራሱ 20 ብር ያህል ነው። ሁለቱም ንባብ ጤናማ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ መድረሻውንና ጭማሪውን በሁለት የተለያዩ መስተዋድዶች ስለሚለይ ተርጓሚው ምንጩን ሲያነብ ጥርጥር አይገባውም፤ በመሆኑም ያልጠረጠረውን ለአንባቢው ይተውለታል። «20 ብር ገባ»፣ «20 ብር ደረሰ»፣ «በ20 ብር ጨመረ» ብሎ ግሱን መለየት እንጂ በ«ወደ» መታመን አይገባም።

ስለ ጊዜ ስንነጋገር ደግሞ «በ» ከሰዓት አቆጣጠራችን ጋር ይገናኛል። «አንድ አውቶቡስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ደብረ ብርሃን በ3 ሰዓት ደረሰ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?» በ3 ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ፈጅቶ ከሆነ ፍጥነቱ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማለት ከሆነ ግን የፈጀው ሁለት ሰዓት፣ ፍጥነቱም በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ነው። የሚያስገርመው፣ አውቶቡሱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የተነሣ ቢሆን ሁለቱም ንባብ አንድ መልስ ይሰጣሉ፤ ሰዓታችን ከዚያ ላይ መቆጠር ይጀምራልና። በዚህ ምክንያት አንድ ደራሲ ፕሮብሌሙን በ12 ሰዓት መነሻ ጽፎ ሲፈትነው አሻሚነቱ አይታየውም፤ ሌላው መነሻውን ወደ 1 ሰዓት ሲለውጠው ብቻ ይፈርጣል። «3 ሰዓት ፈጅቶ» እና «3 ሰዓት ላይ» የሚሉት ለዚህ በቂ መለያዎች ናቸው።

ተርጓሚው ሰዓቱን በትክክል ቢለውጥም እንኳ ሳያውቀው የፕሮብሌሙን ክብደት ሊለውጥ ይችላል። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ጉዞው በ11 ሰዓት ከቀትር በፊት ተጀምሮ በ2 ሰዓት ከቀትር በኋላ የሚያበቃው በዓላማ ነው፤ ልጁ ከ2 ላይ 11ን መቀነስ አቅቶት 12ን መሻገር እንዲማር ነው። ይኸው ወደ አማርኛ ሲመጣ ከ5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይሆናል፤ ልጁ ከ8 ላይ 5 ቀንሶ ያልፋል፤ ትምህርቱ በመንገድ ቀረ። በአንጻሩ በእንግሊዝኛው ከንጋቱ 5 እስከ 8 የነበረው ቀላል ጥያቄ በአማርኛ ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 2 ሆኖ ይከብዳል። ቀን መቁጠሪያውም እንደዚሁ ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ከጥር 12 እስከ መጋቢት 5 ያለው ርቀት 53 ቀን መሆኑ በአንድ እስትንፋስ ይሰላል፤ የፈረንጁ መጽሐፍ ግን በዚህ ዓይነት ጥያቄ ሊያስተምር የፈለገው የወራቱን አለመተካከል ነበር። «በየወሩ 100 ብር የሚያስቀምጥ ሰው በዓመት ስንት ያጠራቅማል?» ለሚለው ጥያቄም 1300 ብሎ የሚመልስ ልጅ እየቀለደ ላይሆን ይችላል። ጳጉሜን ወር ናት ብለን ያስተማርነው እኛው ነን።

አሁን የአበበንና የከበደን በጎች እናንሣ። «እጥፍ» የመጣው «አጠፈ» ከሚለው ግስ ነው። ጨርቅ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ሁለት ድርብ ይሆናል፤ ስለዚህም ያለ ቁጥር «እጥፍ ሆነ» ስንል ሁለት ያህል ሆነ ማለታችን ነው። ግርታው የሚጀምረው ቁጥር ሲቀድመው ነው። የምንቆጥረው ድርቡን ነው ወይስ ማጠፉን? «የከበደ 2 እጥፍ» ስንል ድርቡን ቆጥረናል፤ 8 በ2 ሲባዛ 16። «በአንድ እጥፍ ጨመረ» ስንል ግን ማጠፉን ቆጥረናል፤ ይህም ያው 16 ነው። ሁለቱም በየጋዜጣው፣ በየሬዲዮው የሚሰሙ ናቸው፤ በ2 እጥፍና በ1 እጥፍ አንድ መጠን ተገለጸ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ «3 እጥፍ ይበልጣል» የሚለውን 24 ነው የሚሉ ወገኖች ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ። በእነርሱ አቆጣጠር 3 እጥፍ የሚበልጥ 24፣ 2 እጥፍ የሚበልጥ 16 ከሆነ፣ 1 እጥፍ የሚበልጠው 8 ሊሆን ነው። ከ8 የሚበልጥ ተብሎ 8 የሆነ ቁጥር ግን የለም። 32 ያሉት ልጆች በሎጂክ ረገድ የሚነቀፉበት የለም፤ «ይበልጣል» የሚለው ግስ ልዩነትን እንዲነግራቸው ጠብቀዋል፤ «በ5 ይበልጣል» ሲባል እንደሚነግራቸው ሁሉ። በሌላ በኩል ልማድ ከሎጂክ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። አብዛኛው ተናጋሪ «ዘንድሮ ያገኘነው ምርት ካምናው 3 እጥፍ ይበልጣል» ሲል አምና 8 ኩንታል አግኝቶ ከሆነ ዘንድሮ 24 ማግኘቱን ሊነግረን ይሆናል። በእንግሊዝኛም ይኸው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ስለዚህ ወደ ምንጩ ቋንቋ ሄዶ ዳኛ መፈለግ አያዋጣም።

የእኛ አሳብ እንዲህ ነው። «እጥፍ» በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ «ነው» እና «ይሆናል» ከሚሉት ጋር ብቻ ይነገር፤ «ይበልጣል» እና «ያንሳል» ደግሞ የሚበልጠው ወይም የሚያንሰው መጠን በግልጥ ሲጠቀስ ብቻ ይግቡ፤ «በ16 በጎች ይበልጣል» እንደሚባለው። «3 እጥፍ ያንሳል» ለሚለውም ቦታው «ሲሶ ነው» ነው። ሲሶ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት ገባርና ባለመሬት ሲካፈሉበት የኖረ፣ መጠኑ አከራካሪ ያልሆነ ቃል ነው። ከዚሁ ዘመን የመጣው «እኩል» ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ «እኩል አራሽ» እና «እኩሉን ሸጠ» በሚሉት ውስጥ ግማሽ ማለት ሲሆን በሒሳብ ክፍል ውስጥ የእኩልነት ምልክት ስም ሆኗል።

ይህን አሳብ ለባልደረቦቻችን ስናቀርብ አንዱ ጠንከር ያለ ተቃውሞ አነሡ። ልጁ «3 እጥፍ ይበልጣል» የሚለውን ከመጽሐፉ ብናጠፋለት ከሬዲዮው አናጠፋለትም፤ ነገ ነጋዴ ወይም የባንክ ሠራተኛ ሲሆን ሊያጋጥመው ነውና አሻሚ መሆኑን የሚማርበት ቦታ ከትምህርት ቤት ሌላ የት አለ አሉ። ተቃውሟቸው ትክክል ነው። ስለዚህ አሳባችንን ጥቂት አሻሽለነዋል፤ አገላለጹ ከፈተና ይውጣ፣ በትምህርቱ ውስጥ ግን ልጆቹ ራሳቸው እንዲከራከሩበት በስሙ ይቅረብ።

በአጻጻፍ ረገድ ሁለት ትንንሽ ነገሮችን እንጠቁምና እንለፍ። አማርኛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን ድርሻ ቁጥሩን ደግሞ በመጥራት ይገልጻል፤ «ለ4 ልጆቹ ሦስት ሦስት ብር ሰጣቸው»። ይህ ድንቅ እጥረት ያለው አነጋገር በአኀዝ ሲጻፍ «3 3 ብር» ይሆናል። በአንድ ረቂቅ ላይ ክፍተቱ ተጨፍልቆ «33 ብር» ሆኖ አግኝተነዋል፤ መልሱ 12 መሆኑን አይተን ባንጠረጥር ኖሮ ያልፍ ነበር። እንዲህ ያለውን በፊደል መጻፍ ወይም «ለእያንዳንዳቸው» ማለት ይሻላል። ሁለተኛው ተለዋዋጮችን የሚመለከት ነው። «ሀ»ን ካነሣን ልማድ ሆኖ «ለ»ን እናስከትላለን፤ ከዚያ «ሀ ለለ ሲካፈል» ተብሎ ይጻፋል፤ ልጁም ይንተባተባል። መስተዋድድ የሆኑትን «ለ»ን፣ «በ»ን፣ «ከ»ን፣ እንዲሁም «የ»ን ትቶ «ቀ»ን ወይም «ጠ»ን መምረጥ ወጪ የለውም።

በመጨረሻ፣ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ልቆ የሚገኝበትን አንድ ነገር ማንሣት እንወዳለን። በአሜሪካ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በተካሄደ አገር አቀፍ የሒሳብ ምዘና ለ13 ዓመት ልጆች የሚከተለው ቀርቦ ነበር፤ አንድ የጦር ሠራዊት አውቶቡስ 36 ወታደሮች ይይዛል፤ 1128 ወታደሮች ወደ ማሠልጠኛ ቢጓጓዙ ስንት አውቶቡስ ያስፈልጋል? ከመቶ 70 የሚሆኑት ልጆች ማካፈሉን በትክክል ሠሩት። ነገር ግን ከመቶ 29ኙ «31፣ ቀሪ 12» ብለው መለሱ፤ 18ቱ 31 አሉ፤ 32 ብለው በትክክል የመለሱት ከመቶ 23ቱ ብቻ ናቸው። ልጆቹ ካሰሉ በኋላ ወደ አውቶቡሱ አልተመለሱም።

«ቀሪ» በአማርኛ ከሒሳብ በፊት ሰው ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ ያልመጣውን ልጅ «ቀሪ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ መኪና ሞልቶ ሳይሳፈር የተመለሰ መንገደኛም ቀረ ይባላል። እንግዲህ «31፣ ቀሪ 12» የሚለው መልስ በአማርኛ ጮክ ተብሎ ሲነበብ 12 ወታደሮች መንገድ ላይ ቆመው ይታያሉ። ይህን ቃል ለማካፈል ስያሜ የመረጡት ሰዎች ይህን አስበው ይሁን አይሁን አናውቅም፤ ነገር ግን መምህር «እነዚያ 12 ቀሪዎች በምን ይሂዱ?» ብሎ ቢጠይቅ 33ኛ መስመር ላይ የሚደገፍበት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ተርጓሚው ይህን ፕሮብሌም ሲያመጣ ወታደሮቹን በጆንያ ወይም በሜትር ጨርቅ ባይተካቸው ደግ ነው፤ የቃሉ ሁለተኛ ትርጉም የሚሠራው ቀሪው ሰው ሲሆን ነው። ፒዛውን በድፎ ዳቦ፣ ማይሉን በኪሎ ሜትር መተካት ግን ተገቢ ነው፤ ሆኖም ማይልን ሲተኩ አኀዙን አስልቶ 96.56 ከማምጣት ይልቅ ልጁ የሚሠራበት ሌላ ሙሉ ቁጥር መምረጥ ይበጃል።

የ7ኛ ክፍሉ መልመጃ በሁለተኛው እትም «የአበበ በጎች ብዛት የከበደ በጎች ብዛት 3 እጥፍ ነው» ተብሎ ታርሟል፤ መልሱም 24 እንደሆነ ቀርቷል። ለመምህሩ የጻፍነው ደብዳቤ በመጀመሪያው እትም ለተፈተኑት ሁለቱም መልሶች ልክ ተብለው እንዲያዙላቸው የሚል ነበር። ደብዳቤው ሲደርሳቸው ግን የዓመቱ ውጤት ተመዝግቦ ልጆቹ ወደ 8ኛ ክፍል አልፈዋል።